ከጎንደር አዲስ አበባ በስፖርት መኪና፦ ስኮርታ የለኝም፣ ጎማ ቢተነፍስ ምን ላድርግ?

የቁስቋም ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው።

ታላቅ ወንድሜ ከሦስት ሳምንት በኋላ አዲስ አበባ ላይ ይሞሸራል። መኪናዋ የእሱ ናት። ማዝዳ ኤምኤክስ-5፣ የ2007 ሞዴል፣ ጣሪያዋ የሚከፈት፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ። ለሥራ አዲስ አበባ ሲዛወር እኔ ጋ ትቷት ሄደ። ሁለት ዓመት ሙሉ ከቁስቋም ፒያሳ፣ ከፒያሳ አዘዞ፣ ከዚያ አልፋ አታውቅም። አሁን "ሙሽራዬን ከቤቷ የማወጣት በእሷ ነው" ብሏል። ስለዚህ ነድቼ ላደርስለት ነው። አጠገቤ የምትቀመጠው እናታችን ናት።

መንገዱ 730 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ባሕር ዳር አድረን፣ በነጋታው በደብረ ማርቆስ አድርገን ዓባይ በረሃን ተሻግረን ለመግባት ነው ያሰብነው። ሞተሩም ፍሬኑም ታይቷል። እንቅልፍ የነሳኝ ጎማው ነው።

ትናንት ማታ የኋላ ኮፈኑን ከፍቼ ምንጣፉን አነሳሁ። ስኮርታ የለም። የሚቀመጥበት ቦታም የለም። ፋብሪካው ራሱ ያለ ስኮርታ ነው የሠራት። ያገኘሁት በሲጋራ መለኮሻ የምትሰካ አንዲት ትንሽ ኮምፕሬሰርና አንድ ጠርሙስ ፈሳሽ ነው። ፈሳሹ ጎማ ውስጥ ገብቶ ቀዳዳ የሚደፍነው ዓይነት ነው። ጠርሙሱን ገልብጬ ሳየው ጊዜው በ2011 አልፏል፣ በፈረንጅ። ክሪክም አላገኘሁም።

ጎማዎቹ 205/45 17 ናቸው። ጎናቸው ከአራት ጣት ብዙም አያልፍም። በትልቅ መኪና "ዱብ" ብሎ የሚታለፍ ጉድጓድ የእኔን ቸርኬ ያጣምመዋል ብዬ እሰጋለሁ።

በዚህች ኮምፕሬሰር ልመን ወይስ ስኮርታ ልፈልግላት? ባገኝስ የት አደርገዋለሁ? መቀመጫው የእናቴ ነው። የኋላ ኮፈኑ የሚይዘው 150 ሊትር ብቻ ነው፤ የእሷ ሻንጣ ብቻውን ይሞላዋል። በእንዲህ ዓይነት መኪና ረጅም መንገድ የሄደ ሰው ካለ እባካችሁ ይጻፍልኝ።

የአዘዞ ጎሚስታ

ልጄ፣ እንኳን ቀድመህ ጠየቅህ። 22 ዓመት ጎማ ስፈታና ስገጥም ኖሬያለሁ። ሰው እኔ ጋ የሚመጣው ጎማው ከሞተ በኋላ ነው።

ከሁሉ በፊት ጎማው ጎን ላይ ዲኦቲ የሚለውን ጽሑፍ ፈልግ። መጨረሻው ላይ አራት ቁጥር ታገኛለህ። የፊተኞቹ ሁለቱ ሳምንቱ ናቸው፣ የኋለኞቹ ዓመተ ምሕረቱ። 2317 ካለ በፈረንጅ በ2017፣ በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። አሥር ዓመት ካለፈው ጥርሱ አዲስ ቢመስልም ሩቅ መንገድ አትውጣበት። ብዙ የቆመ መኪና ጎማ ፀሐይ ያደርቀዋል። ጎንበስ ብለህ ጎኑን ብታየው እንደ ደረቀ ኩሬ ተሰነጣጥቆ ታገኘዋለህ። ሲሞቅና ሲጫነው እዚያ ላይ ነው የሚሄደው።

ያንን ጠርሙስ ተወው። አሮጌ ፈሳሽ ይረጋል፣ ቫልቩንም ይደፍናል። አዲስም ቢሆን የሚደፍነው ጥርሱ ላይ ያለች ትንሽ የሚስማር ቀዳዳ ነው፤ 4 ሚሊ ሜትር ገደማ። ጎኑ ከተቀደደ ምንም አይፈይድልህም። ደግሞ እሱ የገባበት ጎማ እኛ ጋ ሲመጣ ውስጡ ሙጫ በሙጫ ነው። ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ተፍቆ ካልሆነ የምንለጥፈው አይዝም።

ለአንተ የሚሻለው የመሰኪያ ዕቃ ነው። መጎርጎሪያ፣ ዓይን ያለው ወፍራም መርፌ፣ የሚያጣብቅ ቡናማ የጎማ ገመድ፣ ማስቲሽ። ሚስማሩን በፒንሳ ትነቅላለህ። ቀዳዳውን በመጎርጎሪያው ታሻክራለህ። ገመዱን መርፌው ላይ ሰክተህ፣ ማስቲሽ ቀብተህ፣ ጫፉ ሁለት ጣት ያህል ውጭ እስኪቀር ትገፋዋለህ። ከዚያ መርፌውን ብቻ በአንዴ ትመዘዋለህ፣ ገመዱ ውስጥ ይቀራል። ጎማው አይፈታም፣ መኪናዋም በክሪክ አትነሳም። ግን ልብ በል፦ ይህ ለጥርሱ ብቻ ነው። ለትከሻውና ለጎኑ አይሆንም።

ሌላው ዳዶዎቹ ናቸው። በየጎማው አምስት አምስት አሉ። አንዱ ከሌሎቹ መልኩ ይለያል? ከተለየ የሌባ መከላከያ ነው፣ የራሱ ቁልፍ አለው። ያ ቁልፍ ከሌለ እኔም ብሆን አልፈታልህም። እስከ ዛሬ ስንት ሰው በዚያ ምክንያት መንገድ ዳር አድሯል። አሁኑኑ ሄደህ ፈልገው።

መንገድ ላይ የግድ ጎሚስታ ጋ ከገባህ ማሽን ያለው ምረጥ። በብረትና በመዶሻ የሚፈለቅቅ ከሆነ አሎይ ቸርኬህን ጠርዙን ይነክስብሃል፤ ያኔ ንፋስ አይዝም። "ከመነዳሪ ላግባበት" ካሉህም እሺ አትበል። እንዲህ ጎኑ አጭር ለሆነ ጎማ ከመነዳሪ አይስማማውም፤ ይሞቃል፣ ይታጠፋል፣ ይፈነዳል።

ቅዳሜ ከሰዓት እኔ ጋ ና። የተጣለ ጎማ ሞልቷል፣ እጅህ እስኪለምድ ትለማመድበታለህ።

ሰላም ዘባሕር ዳር

ጋሼ ያሉት ሁሉ ልክ ነው። እኔ መለዋወጫ ዕቃ ነው የምሸጠው፣ ስለ ስኮርታው ልጨምርልህ።

"ስኮርታ ስኮርታ ነው" ብለህ ያገኘኸውን እንዳትገዛ። የአንተ መኪና ቸርኬ 5 ዳዶ ነው፣ ቀዳዳዎቹ የተደረደሩበት ክብ ስፋት 114.3 ሚሊ ሜትር። የቪትዝ 4 ስለሆነ ከጅምሩ አይሆንም። የራቭፎር ብዙ ሰው ያሳስታል። ዳዶው ይገጥማል፣ የመሃሉ ቀዳዳ ግን 60.1 ነው። አንተ የምትፈልገው 67.1 ነው፤ ስለዚህ መሃሉ ላይ አይቀመጥልህም። ብዙዎቹ ባለ 5 ዳዶ የሂዩንዳይ፣ የኪያና የሚትሱቢሺ ቸርኬዎች ግን መሃላቸው 67.1 ነው። ከእነሱ ውስጥ ቀጭኑን ስኮርታ ፈልግ፣ 125/80 16 የሚለውን። ቁመቱ 606 ሚሊ ሜትር ይሆናል፣ የአንተ 616። ልዩነቱ አንድ ጣት አይሞላም።

ገዝተህ ዝም ብለህ አታስቀምጠው። ቤትህ ግጠመውና በእጅህ አዙረው፣ ፍሬኑን የሚነካ ከሆነ ይሰማሃል። ንፋሱ 60 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) ነው፣ እንደ ሌላው ጎማ 30 አይደለም። ከገጠምከው በኋላ ከ80 በላይ አትነዳም።

መኪናዋ የምትገፋው በኋላ እግሯ መሆኑን አትርሳ። ቀጭኑን ስኮርታ ኋላ ላይ አታስር፣ ዲፈረንሻሉን፣ ማለትም ጉልበቱን ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች የሚያካፍለውን ክፍል፣ ይጎዳዋል። የተነፈሰው የኋላው ከሆነ ከፊት አንዱን ፈትተህ ወደ ኋላ ውሰድና ስኮርታውን ፊት ላይ ግጠም። ሥራው ሁለት እጥፍ ነው፣ ግን እንደዚያ አድርግ።

ቦታውን በተመለከተ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሠርግ አይደል የምትሄዱት? ሌሎቹ ዘመዶቻችሁ በምንድነው የሚሄዱት?

የፊዚክስ መምህር

ስለ ንፋሱ አጭር ነገር። ጎንደር 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ የዓባይ ድልድይ ደግሞ 1,000 ሜትር አካባቢ። ታች ስትወርድ የውጭው አየር ይከብዳል፣ መለኪያህ በዚህ ምክንያት ብቻ 1.5 ፒኤስአይ ገደማ ዝቅ ብሎ ያሳይሃል። ግን በረሃው ይሞቃል። ጎማው በ10 ዲግሪ በሞቀ ቁጥር 1.5 ገደማ ይጨምራል፣ በመንዳት ብቻም ከዚያ በላይ ይሞቃል። ስለዚህ መንገድ ላይ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ስታየው ደንግጠህ ንፋስ እንዳታስወጣ። ጠዋት፣ መኪናዋ ሳትንቀሳቀስ ለካ። የሚታመነው ያ ነው።

የተሳቢ ሾፌር

ወንድሜ፣ ይህን መንገድ ስንት ጊዜ እንደተመላለስኩበት አልቆጥረውም። የእኔ መኪና ከአንተ ጋር አይመሳሰልም፣ ጉድጓዱ ግን አንድ ነው።

ከትልቅ መኪና ኋላ ተጠግተህ አትንዳ። ጉድጓዱን እኛ መሃላችን አሳልፈን እንሄዳለን፣ አንተ የምታየው አፍንጫህ ሥር ሲደርስ ነው። የማትሸሸው ጉድጓድ ካጋጠመህ ፍሬን ቀደም ብለህ ያዝና ጠርዙ ላይ ስትደርስ ልቀቀው። ፍሬን ተይዞ የገባ ጎማ ነው የሚቀደደው።

ዓባይ በረሃ ላይ መሬቱ ይንሸራተታል፣ በዚያ ላይ የእኛ ጭነት አለ። አስፋልቱ እንደ ጨርቅ ተጨማድዶ የሚጠብቅህ ቦታ አለ። እንደ አንተ ላለች ዝቅ ያለች መኪና እዚያ ነው ፈተናው። በከባድ ማርሽ ውረድ፣ በፍሬን ብቻ አትውረድ። እዚያ ላይ ብትተነፍስም ቁልቁለት ላይ ክሪክ አታስገባ። ጎማው ይሙት እንጂ ቀስ ብለህ ሜዳ ቦታ ድረስ ሂድ። ጠፍጣፋ ጣውላ ያዝ፣ ክሪኩ መሬት ውስጥ እንዳይሰምጥብህ።

አንድ ልመና አለኝ፣ ለአንተም ለሚያነበው ሁሉ። ቆመህ ስትሠራ ኋላህ ድንጋይ ወይም ቅጠል ትደረድራለህ፣ ሁላችንም እናደርገዋለን። ጨርሰህ ስትሄድ ድንጋዩን አንሳ። አስፋልት ላይ ተትቶ የሄደ ድንጋይ ማታ ስንት ጎማ እንደፈጀ፣ ስንት ሰው እንደገለበጠ እኛ ነን የምናውቀው። ባለ ሦስት ማዕዘኑን አንጸባራቂ ግዛ፣ እሱ ይሻላል።

መንገዱ ክፍት መሆኑን በዋዜማው ከመጡ ሾፌሮች ጠይቅ። በቀን ብቻ ተጓዝ።

የቁስቋም ልጅ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የደረስኩበትን ልንገራችሁ።

ጎማዎቹ ላይ ያገኘሁት ቁጥር 1114 ነው። አራቱም። እኔ ጥርሳቸውን ብቻ እያየሁ ደህና ናቸው እል ነበር። ዛሬ ጠዋት ፀሐዩ ሲያርፍባቸው ጎንበስ ብዬ ሳይ ጋሼ እንዳሉት ነው፤ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ዙሪያውን ሞልቷል። እናቴን በዚህ ጎማ ይዤ ልወጣ ነበር።

ጎንደር ውስጥ ይህን ልክ አላገኘሁም። ከፒያሳ እስከ አዘዞ ጠየቅሁ፣ የሁሉም መልስ "15 እና 16 ነው ያለን" ነው። ወንድሜ አዲስ አበባ ገዝቶ በአውቶቡስ ሊልክልኝ ነው፣ ቁጥራቸውን በፎቶ አሳይቶኝ።

የሌባ መከላከያው ዳዶ አለ፣ ቁልፉ ግን የለም። መኪናዋን ሁለት ጊዜ አራገፍኩ። ወንድሜን ስደውልለት መሳቢያውን ከፍቶ "ይኸው እዚህ ነው" አለኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ እኔ ጎንደር፣ ቁልፉ አዲስ አበባ። ከጎማዎቹ ጋር አብሮ ይመጣል።

ሰላም፣ ጥያቄሽ ገላገለኝ። ዘመዶቻችን በሚኒባስ ነው የሚሄዱት፣ በዚያው ቀን። ስኮርታውም ክሪኩም ሚኒባሱ ፖርቶ መጋላ ላይ ይታሰራሉ፣ እነሱም ከኋላችን ይነዳሉ። እኔ ጋ የሚቀረው የመሰኪያ ዕቃው፣ ኮምፕሬሰሯ፣ መለኪያው፣ ፒንሳ፣ የእጅ መብራትና ያቺ የዳዶ ቁልፍ ነው። ሁሉም አንድ የትምህርት ቤት ቦርሳ ውስጥ ገብቷል።

ጋሼ፣ ቅዳሜ እመጣለሁ።

የአዘዞ ጎሚስታ

መጥቶ ነበር። ሰባት ጊዜ ሰክቷል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አፈሰሱ፣ አምስቱ ያዙ። አዲሶቹንም ጎማዎች በማሽን ገጥሜለት 29 ሞልቼለታለሁ፣ ፋብሪካው በር ላይ የጻፈው እሱ ነው። ሰላም ግቡ፣ እናትህን ሰላም በልልኝ።

የቁስቋም ልጅ

ከአዲስ አበባ ነው የምጽፈው። ሠርጉ ትናንት ነበር። ቃል ስለገባሁ የሆነውን ልንገራችሁ።

ከጎንደር እስከ ባሕር ዳር ምንም አልገጠመንም። ማክሰኚትን፣ እንፍራንዝን፣ አዲስ ዘመንን፣ ወረታን በዝግታ አለፍን። በየከተማው መግቢያ ያለው ጉብታ ላይ በሰያፍ እየወጣሁ ሆዷን አዳንኳት። እናቴ ጣሪያው እንዲከፈት ፈልጋ ነበር፣ ነጠላዋን ነፋስ ሲያስቸግራት አስዘጋችው።

ባሕር ዳር ያደርነው ዘመድ ቤት ነው። በነጋታው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ፣ መምህሩ እንዳሉት፣ ሳላንቀሳቅሳት ለካሁ። ሦስቱ 29። የቀኝ የኋላው 22።

መለኪያው ተሳስቶ ይሆናል ብዬ ደገምኩ። 22።

ሚኒባሱ ሌላ ሰፈር ነው ያደረው፣ ስኮርታውም እዚያ ነው። ብደውል ይመጡልኝ ነበር። ግን ጋሼ ጋ ያሳለፍኩት ቅዳሜ ትዝ አለኝና ቦርሳውን አወጣሁ። ኦሞ በሃይላንድ ጠርሙስ በጥብጬ ጥርሱ ላይ አፈሰስኩ። ምንም። መኪናዋን አንድ ክንድ ያህል ወደ ፊት ገፋሁና ደግሜ አፈሰስኩ። በሦስተኛው አንድ ቦታ ላይ አረፋው የጤፍ ፍሬ እያከለ መፍላት ጀመረ። ተጠግቼ በጣቴ ስዳብስ የሚስማር ራስ ነው። አስፋልቱ ፍቆት እንደ ሳንቲም ያብረቀርቃል። ከተማ ውስጥ ቤት የሚሠራበት አጠገብ ነው ያነሳሁት መሰለኝ። የባሕር ዛፍ መወጣጫ ሲፈርስ ሚስማሩ መንገድ ላይ ይቀራል።

እናቴ ጋቢዋን ተከናንባ ወጣች። ምንም ሳትል የእጅ መብራቱን ከቦርሳው አውጥታ ያዘችልኝ።

ሚስማሩ ቀጥ ብሎ አልነበረም የገባው፣ ወደ ግራ ጋደል ብሎ ነው። ጋሼ ልምምዱ ላይ ደጋግመው "መጎርጎሪያው ሚስማሩ በመጣበት ይሂድ፣ አዲስ መንገድ አትክፈትለት" ይሉኝ ነበር። ስነቅለው ንፋሱ "ፉስስ" ብሎ ፊቴን መታኝ። አጋድዬ ጎረጎርኩ። ገመዱን ሳስገባ ሙሉ ክብደቴን ተጫንኩት፣ መዳፌ እስካሁን ሰንበር አለበት። መርፌውን መዘዝኩ። ድምፁ ቆመ። ሞተሩን አስነስቼ ኮምፕሬሰሯን ሰካሁ፣ 29 እስክትደርስ አንድ ስኒ ቡና ጠጣሁ። ትርፉን ገመድ በምላጭ ቆረጥኩ። ኦሞውን መልሼ ሳፈስበት አንድም አረፋ የለም። እናቴ ራሷ ጎንበስ ብላ ካየች በኋላ ነው "እንሂድ" ያለችው።

ደብረ ማርቆስ ስንደርስ ለካሁት፣ ደጀን ላይም ለካሁት። ሞቆ 33 ሆኖ ነበር፣ አልነካሁትም። ዓባይ በረሃን በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ ነው የወረድኩት። አስፋልቱ የተጨማደደበት ቦታ ሆዷ ሁለት ጊዜ ተፋቀ፣ ያ ድምፅ ያማል፣ ግን የተጎዳ ነገር አላገኘሁም። አንድ መታጠፊያ ላይ አራት ትልልቅ ድንጋይ መሃል መንገድ ላይ ተትቶ አገኘን። ሚኒባሱን አስቁመን ከአክስቴ ልጅ ጋር ወርደን ጥግ አስያዝነው።

የሠርጉ ዕለት ጠዋት፣ አበባው ከመታሰሩ በፊት፣ አራቱንም ለካሁ። 29፣ 29፣ 29፣ 29።

ጋሼ፣ የሰካሁት ለጊዜው እንደሆነ ነግረውኛል። ጎማው ተፈትቶ ከውስጥ እንዲለጠፍ ወንድሜን ነገ ማሽን ያለው ጎሚስታ ጋ ይዤው እሄዳለሁ። የመሰኪያ ዕቃውን መኪናዋ ውስጥ ትቼለታለሁ፣ የዳዶውንም ቁልፍ መቀመጫው ሥር አስሬለታለሁ። የእርስዎን መርፌ ግን ይዤው እመለሳለሁ።